የእረፍት አርበኞች

እኛ ከባሕር ጋር የተዋወቅነው በጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች ይላል። ባሕሩ የት እንዳለ የጠየቀ ተማሪ አላስታውስም። ብቻ ከእኛ በታች መሆኑን አወቅን። ለኩራታችን ይሄ በቂ ነበር። ከዚያ ሌላ በከተማችን የምናውቀው ባሕር ባሕር ዛፍ ነው። እሱም ከእንጦጦ እየወረደ አጥርና ማገዶ ሆነ።

ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። አራት ኪሎ ማኪያቶ አዝዘህ ጆሮህን ጣል ብታደርግ፣ አንዱ ከዛንዚባር ተመልሷል። አንዱ ለሞምባሳ ብሎ እቁብ እስኪደርሰው ይጠብቃል። አንዷ ሲሸልስን ከማልዲቭስ ታማርጣለች። ታዲያ እኔን ደስ የሚለኝ መሄዳቸው አይደለም፤ አካሄዳቸው ነው። ሌላው ሕዝብ ባሕር ዳር ሲደርስ ይጋደማል። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ፣ እንደተሰጣ ድርቆሽ ይውላል። እኛ እንዲህ ያለ ስንፍና አልፈጠረብንም። እኛ ስናርፍም እንሠራለን።

ምስክር አለኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ባለፈው ነሐሴ ባለቤቱን እትዬን፣ ሦስት ልጆቹንና አማቱን ይዞ ዲያኒ ሄደ። ኬንያ ነው፤ ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኔም ተከተልኩ። ማዕረጌ አጎት ይባል እንጂ ሥራዬ ሻንጣ መሸከምና ፎቶ ማንሳት ነበር።

ዝግጅቱ ሁለት ወር ፈጀ። መጀመሪያ ዩኒፎርሙ። አራት ኪሎ ካለ ህትመት ቤት ሰባት ቢጫ ቲሸርት ታዘዘ። ደረቱ ላይ የዘንባባ ዛፍ፣ ጀርባው ላይ የቤተሰቡ ስም። ቀጥሎ ልምምዱ። እትዬ ልጆቹን ወዳጅነት ፓርክ ወሰደቻቸው። ፏፏቴው ፊት ለፊት አሰልፋ፣ እየሳቁ ከውሃ እንዴት እንደሚወጡ አስጠናቻቸው። አንደኛው ልጅ ሳቁ አልመጣለትም ነበር፤ ሦስት ቅዳሜ ተመላለሰ። ዋና የተለማመደ ግን አልነበረም። የግዮን ገንዳ እዚያው ታች ነው፤ ማን አስታወሰው? ዋና ፎቶ ላይ አይወጣም። የሚዋኝ ሰው የሚታየው ጭንቅላቱ ብቻ ነው፤ ቲሸርቱ በከንቱ ይቀራል።

ከዚያ ሻንጣው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ጀበና ከነማቶቱ። ምግብ እኮ ከአልጋው ጋር ተከፍሏል ብዬ ነበር። እትዬ አየችኝ። "የእነሱ ምግብ ያጠግባል?" አለች። ዝም አልኩ። እንዲያውም ከሚዛኑ አንድ ኪሎ ተርፎ ስለነበር ምስር ተጨመረበት።

በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ሀዋሳ በመኪና ከዚህ ይርቃል። ሰዓት መቀየር የለም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎቹም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከንጋት ነው፤ የጠዋቱን አንድ ሰዓት እነሱም "ሳአ ሞጃ"፣ አንድ ሰዓት፣ ይሉታል። እማማ (የጋሼ አማት ናቸው) ይህን ሲሰሙ "ታዲያ ዘመዶች ናቸዋ!" አሉና ከዚያ በኋላ ሰዉን ሁሉ በአማርኛ ማናገር ጀመሩ። ደግሞ መልስ ያገኛሉ።

ባንጋሎው ያምራል። ግድግዳው ነጭ ነው። ጣሪያው ማኩቲ የሚሉት የኮኮናት ቅጠል ክዳን ነው። በእኛ ቋንቋ ጎጆ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ይኼኛው በዶላር መሆኑ ነው። ዶላር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቃላችሁ። ደጁ ላይ በሁለት ዛፍ መሀል የመረብ አልጋ ተወጥሯል። በስድስት ቀን ውስጥ ሁላችንም ወጣንበት። አንድ ሰው ከሁለት ደቂቃ በላይ አልቆየም። ተራ ነበር።

በማግሥቱ ቲሸርቱ ተተኩሶ፣ ፀጉር ተሠርቶ እስኪያልቅ አራት ሰዓት ሆነ። ቢጫ ለብሰን በሰልፍ ወጣን። ባሕሩ የለም።

ቀልድ አይደለም። ትናንት ከሰዓት ደረጃው ሥር ድረስ መጥቶ ሲያጓራ የነበረው ባሕር እልም ብሏል። የቀረው እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣር፣ ድንጋይና በጎን የሚሄዱ ሸርጣኖች ናቸው። ሩቅ ላይ አንድ ነጭ መስመር ይታያል፤ ማዕበሉ ኮራሉ ላይ የሚሰበርበት ነው። ልጆቹ ድንጋዮቹ መሀል የቀሩትን ኩሬዎች አይተው ሊሮጡ ሲሉ እትዬ በአንገትጌያቸው ያዘቻቸው። ቢጫ ቆሻሻ አይችልም።

ጋሼ በቀጥታ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄደ።

"ባሕሩስ?" አለ።

"ሄዷል ጌታዬ። ይመለሳል።" ልጁ ትሁት ነው።

"መቼ?"

"አሥር ሰዓት አካባቢ።"

"ትንሽ ቀደም ማድረግ አይቻልም?"

ልጁ በትዕግሥት አስረዳ። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ ሁለቴ ይሄዳል። በየቀኑ ደግሞ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ሰሞኑን ጨረቃዋ ሙሉ ስለሆነች አመጣጡም አካሄዱም በርትቷል፤ ከሦስት ሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ይላል። ጋሼ እስከመጨረሻው ሰማው። ከዚያ "ኃላፊውን ጥራልኝ" አለ። ኃላፊዋ ጨረቃ መሆኗን ደፍሮ የነገረው የለም።

እንዲህ ያለ ሰው አይደነቅም? ሌላው ቢሆን "እንግዲህ ምን ይደረግ" ብሎ አሸዋው ላይ ይቀመጥ ነበር። እኛ ግን ከአራት እስከ አሥር ሰዓት፣ ቲሸርቱ እንዳይጨማደድ ቆመን ጠበቅን። ባሕሩም ሲመጣ አላሳፈረንም። ከጉልበት በታች ገባን፣ እየሳቅን ወጣን። የልምምዱ ፍሬ ታየ። ትንሹ ልጅ በደንብ ስላልሳቀ አሥራ አንድ ጊዜ ተደገመ።

ዋይፋዩ የሚይዘው እንግዳ መቀበያው አጠገብ ብቻ ነው። ስለዚህ የእረፍታችን ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ተቋቋመ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁላችንም አንድ ጠባብ አግዳሚ ላይ ተደርድረን፣ ለሕንድ ውቅያኖስ ጀርባችንን ሰጥተን፣ የሕንድ ውቅያኖስን ፎቶ እንልካለን። እትዬ ማን እንዳየው፣ ማን አይቶ ዝም እንዳለ ትመዘግባለች። አይተው ዝም ካሉት መካከል የገዛ እህቷ ነበረች። ጉዳዩ እስከዛሬ አልተዘጋም።

የጋሼ ስልክ ግን ከሁሉም በላይ ሠርቷል። በሦስተኛው ቀን የቤት ሠራተኛዋ ደወለች፤ ግንፍሌ ቤቱ መብራት ጠፍቷል፣ ካርዱ አልቋል። ሰውዬው ጉልበቱ ድረስ ውቅያኖስ ውስጥ ቆሞ ስለ ቆጣሪ ካርድ ግማሽ ሰዓት ሲያስረዳ ነበር። "አይ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው! ከበሩ ጀርባ! እሱ የጎረቤት ነው!" ዓሣዎቹ በእግሩ መሀል ያልፋሉ። በማግሥቱ ደግሞ ከእድር ተደወለ፤ ለቅሶ አለ። ጋሼ በአንድ እጁ ኮኮናት ይዞ በሌላው "እግዜር ያጥናችሁ" አለ። ያየሁት ጥበብ ታዲያ ይኼ ነው። ለቅሶ ቤት ሲደውል ስልኩን ከባሕሩ ያዞረዋል። ቢሮ ሲደውል ወደ ባሕሩ ያዞረዋል።

ስለ ቁርሱ ብዙ አልልም። ተከፍሎበታል፤ ተበልቷል።

ስለ ጦጣዎቹ ግን ማለት አለብኝ። ዲያኒ ጫካው ከባሕሩ ጋር የተጠጋ ነው፤ ጉሬዛም ጦጣም ሞልቶታል። ጉሬዛዎቹን መኪና እንዳይገጫቸው ከመንገዱ በላይ የገመድ ድልድይ ዘርግተውላቸዋል። በድልድዩ ይሻገራሉም። (እዚህ ከተማችን የእግረኛ ድልድይ ሥር አጥር ዘሎ የሚሻገረውን ወገኔን አሰብኩና አንገቴን ደፋሁ።) ጦጣዎቹ ግን የሰፈር ልጅ ናቸው። አንዷ በመስኮት ገብታ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎ ይዛ ወጣች። ጣሪያው ላይ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ እየመረጠች ስትቆረጥም፣ ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። እውነተኛ ሳቅ ነበር። ችግሩ ማንም አልቀረጸውም። እትዬ ቶሎ ብላ ሁለተኛውን ከረጢት መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ልጆቹን "በሉ፣ እንደ ቅድሙ ሳቁ" አለቻቸው። ጦጣዋ ከረጢቱን አየች፣ ስልኩን አየች፣ ፊቷን አዞረች። ያልሠለጠነች ናት።

አንድ ጉድለት ግን አልደብቅም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት እትዬ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ ቡና አፈላች። ያውም በኮኮናት ቅጠል ጣሪያ ሥር። ዘበኛው ጭሱን አይቶ የእሳት ማጥፊያ ታቅፎ ሲሮጥ መጣ። እትዬ ቀና ብላ "ገና አቦሉ ነው፣ ቁጭ በል" አለችው። ምን እንደገባው እንጃ፤ ከሰሉን ወደ ደጅ አውጥቶ ራሱም ቁጭ አለ። በረካውን ጠጥቶ ነው የሄደው። ለሁለት ሰዓት ያህል ማንም ስልክ አላነሳም። ጋሼ ጫማውን አውልቆ የልጅነት ታሪክ አወራ። እንዲህ ያለ መዘናጋት በአንድ ጉዞ ከአንዴ በላይ መፈቀድ የለበትም።

ቤተሰቡን በእውነት ያሳፈሩት ግን እማማ ናቸው።

እማማ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራ ፈት ነበሩ። ቲሸርታቸውን ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን ከላይ ስለደረቡበት ዘንባባው አልታየም። ጠዋት ከዳዊታቸው በኋላ ዱላቸውን ይዘው ይወርዳሉ። የሆቴሉ ልጆች ጥላ ሥር ወንበር ያደርጉላቸዋል። ባሕሩ ሲመጣ እግራቸውን ይነክራሉ፤ ጨው ለሪህ ጥሩ ነው ይላሉ። ሲሄድ እግራቸውን ያደርቃሉ። በቃ። ስልካቸው ባለቁልፍ ነው፤ እሱንም ከሻንጣ አላወጡትም። የባሕር ሣር የምትጠርግ አንዲት ሴትዮ በየቀኑ መጥታ አጠገባቸው ታርፋለች። እሷ በስዋሂሊ፣ እሳቸው በአማርኛ ያወራሉ። ስለ ልጅና ስለ ጉልበት ሕመም መሆኑ ከእጃቸው ያስታውቃል።

በአምስተኛው ቀን ይባስ ብለው ተኝተው አገኘናቸው። በጠራራ ቀን! ያን ያህል ዶላር በተከፈለበት ባሕር ፊት ለፊት! እትዬ ደንግጣ ልትቀሰቅሳቸው ስትል ሴትዮዋ መጥረጊያዋን ዘርግታ ከለከለቻት።

ተመለስን። ቅዳሜ ዕለት የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤቶች "እንኳን ደኅና መጣችሁ" ለማለት ተሰበሰቡ። ቡናው ቀረበ። እትዬ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችው። ፎቶው 1,140 ነው፤ አንዱም አልተዘለለም። ጎረቤቶች ጨዋ ናቸው። "ውይ ሲያምር!" እያሉ እስከ ሦስት መቶ ድረስ ያለመታከት ሄዱ። ከዚያ አንዷ ጠጋ ብላ "ይቺ ነጭ ነገር ምንድን ናት?" አለች።

ተመለከትን። ውሃው ባለበት ፎቶ ሁሉ፣ ከቢጫው ሰልፍ ኋላ፣ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ነጭ ነጠላ አለች። ጀርባዋን ሰጥታናለች።

ሰው ሁሉ ወደ እማማ ዞረ። ቆሎ እየለቀሙ ነበር።

"እማማ፣ ባሕሩ እንዴት ነው ታዲያ?"

ትንሽ አሰቡ። "ይሄዳል፣ ይመጣል" አሉ።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይሄዳል።"

ጎረቤቶች ሳቁ። አንደኛው ከአባወራው ይሻላል ብሎ "ጋሼስ የት ነው?" ሲል፣ እትዬ በጣቷ ወደ መኝታ ቤቱ አሳየችውና ድምፅ እንዲቀንስ ጠቆመችው። ጋሼ ከመሥሪያ ቤት የሦስት ቀን ፈቃድ ጨምሯል። ወገቡን ይዞት ነው፤ እስኪያርፍ።