ወንዝ ዳር ደርሰው የተመለሱት ልጆች

አሰልጣኙ ትክክል ነው ወይስ ፈሪ? ሰሞኑን ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ላይ ያከራከረን ይሄ ነው።

የሰፈሩ የስካውት ልጆች በሐምሌ ዝናብ ለሥልጠና በሸቤ መንገድ ወደ በለጠ ጫካ ወጥተው ነበር። ድንኳን ተከሉ፣ በኮምፓስ ሄዱ፣ የገመድ ቋጠሮና የመጀመሪያ ዕርዳታ ተማሩ። የመጨረሻው ቀን ፕሮግራም ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ያለውን ኮረብታ መውጣት ነበር። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አሰልጣኙ "አንሻገርም" አለ። ተመለሱ።

ልጁን የላከ አንድ ሾፌር ወዳጃችን በጣም ተናዷል። "ከፍዬ የላክሁት እንዲጠነክርልኝ ነው። ውሃው እኮ ጉልበት አይደርስም ነበር አሉ! እኛ በነሱ ዕድሜ የቡና ጆንያ ተሸክመን እንሻገር ነበር።"

ቡና የሚያፈሉልን እናት ረከቦቱ ላይ እንዳቀረቀሩ መለሱለት። "አንተማ ተሻግረህ ታወራለህ ልጄ። ውሃ የወሰደው ማን ያውራለት?"

ጡረታ የወጡ መምህር አሉን፤ የልጃቸው ልጅ ጉዞው ላይ ነበረች። እሷ እንደነገረቻቸው አሰልጣኙ ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ተክሎ ነበር። ልጆቹ ምሳቸውን ሳይጨርሱ ውሃው እንጨቱን አልፎት ሄደ። ቀለሙም ደፈረሰ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይዞ መምጣት ጀመረ። እነሱ ያሉበት ጠብታ የለም፤ ላይኛው አገር ግን እየዘነበ ነው። ደራሽ እንዲህ ነው የሚመጣው።

"ደግሞስ ቢሻገሩ በምን ይመለሳሉ?" አለች የጤና ተማሪ የሆነች ጎረቤታችን። "ጉልበት የሚደርስ ውሃ ከፈጠነ ትልቅ ሰው ይጥላል። ማዶ ቀርተው፣ ልብሳቸው ርሶ ቢመሽባቸውስ? ብርዱ ብቻውን አደጋ ነው።"

ሾፌሩ አልተረታም። "እሺ ጋሼ፣ ታዲያ ጀብዱ የሚሉት ምኑን ነው?"

መምህሩ ወደ ታሪክ ገቡ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መርከባቸው ሲመታ ወጣት መርከበኞች ከአንጋፋዎቹ ይልቅ ቶሎ ይሞታሉ የሚል ስጋት ነበር። ጉልበት አላቸው፣ መከራ ግን አልለመዱም። ኩርት ሃን የተባለ መምህርና ላውረንስ ሆልት የተባለ የመርከብ ድርጅት ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ1941 ዌልስ ውስጥ፣ አበርዶቪ ላይ አውትዋርድ ባውንድ የተባለውን ማሰልጠኛ የከፈቱት ለዚህ ነው። "ከባሕር በሕይወት ለመመለስ የተጀመረ ሥልጠና ነው" አሉ መምህሩ። "መመለስን እንዴት ፍርሃት እንለዋለን?"

ሾፌሩ ትንሽ ዝም ብሎ የተናገረው ግን ልቤን ነካው። "ይሁን። ግን ልጄ ምን ተማረ? ኩርፊያ ነው ይዞልኝ የመጣው። ስለ እንጨቱ ዛሬ ከእርስዎ መስማቴ ነው፤ እሱ ከኋላ ነበር፣ አላየም።"

እኔ አሰልጣኙ መመለሱ ትክክል ነው ባይ ነኝ። የሰው ልጅ አደራ ይዞ፣ ወላጅ ይቆጣል ብሎ ሳይፈራ "በቃ" ማለት ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ ልጄን ያለ ስጋት እሰጣለሁ።

የሾፌሩ ቅሬታም ግን እውነት አለው። ከሥልጠናው ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያ እንጨት ነበር፤ ያዩት ከፊት የነበሩት ብቻ ናቸው። ሁሉንም ሰብስቦ "እዩት፤ ምን እናድርግ?" ቢላቸው ኖሮ ውሳኔው የልጆቹም ይሆን ነበር። ልጅ ያየውን ይይዛል። የመምህሩ የልጅ ልጅ አሁን መብረቅ ሲበርቅ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ትቆጥራለች፤ 3 ሰከንድ በግምት 1 ኪሎ ሜትር ነው። ማታ ማታ ታናናሾቿንም ታስቆጥራለች አሉ።

ወቅቱም ቢታሰብበት ደስ ይለኛል። ክረምት የተመረጠው ትምህርት ስለሚዘጋ ነው፤ ይገባኛል። ጅማ ግን ዝናቡ ሐምሌን አይጠብቅም፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይመጣል። ወንዙን ለመሻገር ከተፈለገ የጥር ወሩ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ይሻላል። ቀኑ ቢያጥርም መሬቱ ደረቅ፣ ውሃውም ዝቅ ያለ ነው። ይህን ስል ሾፌሩ "በጥር ከሆነ እኔው ራሴ አደርሳቸዋለሁ" አለ። መምህሩም ለአሰልጣኙ ሊነግሩልን ቃል ገቡ።