እኔ ከኢትዮጵያ መጥተዋል

«ሰው ያመስግንህ እንጂ ራስህን አታመስግን» እየተባልኩ ስላደግኩ፣ ትሕትና በሚወደድበት በጃፓን አገር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስጠራ እንደ ቤቴ መሰለኝ። ቶኪዮ ውስጥ ቋንቋ ያስተማሩኝ ሴት ግን ሳቁ። ለካ ጃፓናዊ ቀጣሪም «ጂኮ ፒአር» ይላል፤ ራስህን አስተዋውቅ፣ ጠንካራ ጎንህን ተናገር፣ በማስረጃ አስደግፍ። ማወደሱ አይቀርም፤ በትሑት ሰዋስው ይሁን ነው ነገሩ።

መከራው ገና ከቅጹ ይጀምራል። 3 በ4 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ ፈገግታ የሌለባት ፎቶግራፍ። የትውልድ ዘመን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አቆጣጠር። ጥር 1984 ተወለድኩ፤ ለፈረንጁ 1992፣ ለጃፓኖቹ ሄይሴይ የተባለው ዘመን 4ኛ ዓመት ነው። በልማድ 1984 ብዬ ጻፍኩና ስምንት ዓመት አረጀሁ። በእጅ የተጻፈ ቅጽ ላይ ደግሞ መሰረዝ ነውር ስለሆነ እንደገና ከስሜ ጀመርኩ።

በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ሁለት ጊዜ የሚንኳኳው መጸዳጃ ቤት ነው ብለውኛል።

አንቱታ ይዤ ያደግኩ ሰው የአክብሮት ቋንቋ አይቸግረኝም ብዬ ነበር። እኛ ግን ሌላውን ከፍ ማድረግ እንጂ ራሳችንን ዝቅ የምናደርግበት ግስ የለንም። ጃፓንኛ ለሁለቱም የተለያየ ግስ አለው፤ እኔም ከድንጋጤ ብዛት አቀያየርኳቸው። ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ ሦስቱን ጠያቂ ሽማግሌዎች ቁጭ አድርጌ «እኔ ከኢትዮጵያ መጥተዋል፤ ባንክ ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግለዋል» አልኳቸው። መሀል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። ምን ያድርጉ!

ጠንካራ ጎኔን ስጠየቅ መምህሬ ያስጠኑኝን ወረወርኩ፦ «እኔ እንደ ማሽን ዘይት ነኝ፤ ሰው ከሰው ጋር እንዳይፋተግ አደርጋለሁ።» አንደኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው «ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ዘይት እርስዎ ነዎት» አሉኝ። ስለ ሥራ ልምዴ ስቀጥል ዓረፍተ ነገሩ ረዘመብኝ። ግሱ እንደ አማርኛ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ሠርቼ ይሁን ሳልሠራ ለማወቅ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ጠበቁ። ግሱ ጠፋኝ። እስከ ዛሬ እየጠበቁ ይሆናል።

ስለ ደካማ ጎን ሲጠየቁ ጥንካሬ የሚመስል ድክመት መናገር ይገባል፤ ለሰምና ወርቅ አገር ልጅ ይህ ምን ይከብዳል? «ሥራዬን ደጋግሜ ስለማጣራ እዘገያለሁ፤ ስለዚህ ቀድሜ እጀምራለሁ» ማለት ሲገባኝ፣ «ጠዋት ቡና ሳልጠጣ ሰው አላናግርም» አልኩ። ያን ቀን በማስታወሻ የተጻፈልኝ ይህ ብቻ ነው።

ከሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ጃፓኖች የማይቀጥሩትን ሰው «አልፈለግንህም» አይሉትም፤ ለወደፊት ስኬቱ እንደሚጸልዩለት ይገልጻሉ። ወጣቶቹ «የጸሎት ኢሜይል» ይሉታል። የዚያኑ ማታ ለእናቴ ስልክ ደውዬ አነበብኩላት።

«መሥሪያ ቤቱ ይጸልይልሃል?» አለች። «ጽኑ አሜን! ልጄ፣ እንዲህ ዓይነት ሰዎች ከየት ይገኛሉ? አደራህን፣ እነዚህን ሰዎች እንዳትለቃቸው።»