ወፈር፣ ዘንበል፣ ሼዶም ጣል አድርግበት

የሀዋሳ ሐይቅ ማማሩን፣ የአሞራ ገደል ዓሣ መጣፈጡን ሁሉም ያወራል። የታቦር ተራራም ቆንጆ ነው። ግን እነዚህ የፈጣሪ ሥራዎች ናቸው፤ እኛ ምን ለፋንባቸው? የእኛን የእጅ ሥራ ማየት የፈለገ ከፒያሳ ተነስቶ በእግሩ እየሄደ ታፔላዎቹን ቀና ብሎ ይመልከት። ፊደሉ ሁሉ ወፍሯል፣ ሁሉም ወደ ቀኝ ዘሟል። ቀጥ ብሎ የቆመ ፊደል ያገኘ ሰው የዓሣ ጉላሽ እጋብዘዋለሁ። ኪሴ አያሰጋኝም።

ፈረንጆቹ በዚህ ጉዳይ ብዙ ደክመዋል፤ ያሳዝናሉ። ቬኒስ ላይ አልዱስ ማኑቲዩስ የሚባል አሳታሚ በ1501 ዘመም ባለ ፊደል መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ፍራንቼስኮ ግሪፎ የሚባል ፊደል ቀራጺ የእጅ ጽሑፍ እያየ እያንዳንዷን ፊደል እንደ አዲስ ቀርጾለት ነው። ወፍራሙ ፊደል ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ገነነ። ለሎተሪና ለግድግዳ ማስታወቂያ፣ ሁለት ሦስት ቃል ከሩቅ እንዲታይ። ከዚያ ወዲህ ወፍራሙንና ዘመሙን አንድ ላይ ቢያደርጉትም ስስታቸው አልለቀቃቸውም። ርዕስ ላይ ጠብ አድርገው ይተዉታል፤ የቀረውን በተራ ፊደል ይጽፉታል።

እኛ ቤት ስስት የለም። የቤቱ ስም ይወፍራል፣ ይዘማል። «ቁርጥ፣ ክትፎ፣ ሽሮ» ይከተላል። ስልክ ቁጥሩም አይቀርበትም። ሁሉም እኩል ይጮሃል፤ ይህ ነው ፍትሕ ማለት።

ባለሙያዎቻችንንም ላመስግን። ግሪፎ አንድ በአንድ የቀረጸውን፣ የማስታወቂያ ቤቱ ልጅ በሁለት ቁልፍ ይገላግለዋል። «B» ሲጫን ይወፍራል፣ «I» ሲጫን ይዘማል። አብዛኞቹ የግዕዝ ፎንቶች የራሳቸው ኢታሊክ፣ ማለትም ተዘሞ የተቀረጸ ፊደል፣ ስለሌላቸው ኮምፒውተሩ ቀጥ ብሎ የቆመውን ፊደል ከላይ ገፋ ያደርገዋል። አለቀ። ደንበኛው ከጀርባው ቆሞ፣ «አሁንም ቀጠነ፤ ወፈር አድርገው! እስቲ ሼዶ!» ይላል። ልጁ ከፊደሉ ጀርባ ጥላውን ይጨምራል። ዙሪያውን ነጭ አውትላይን፣ ከሥሩ ጥቁር፣ ከእሱ ሥር ወርቅ። አጃኢብ ነው! እጁ ይባረክ።

አንዳንድ ምቀኞች ግን «አይነበብም» ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። «ቦ» ግራ እግሯ ይረዝማል፣ «ባ» ደግሞ ቀኝ እግሯ። ልዩነታቸው ያቺው እግር ናት። አወፍረህ፣ ገፍተህ፣ ሼዶ ስታለብሳት አጭሩም እግር ጥላ አግኝቶ ይረዝማል። በዚህ የተነሳ አንድ ዳቦ ቤት «ዳባ ቤት» ሆኖ ይነበባል። «ቡ» ቅጥያዋ ወገቧ ላይ ነው፣ «ቢ» ከእግሯ ሥር። ሲወፍሩ ቅጥያዋ ከወገብ እስከ እግር ትሞላና «ቢራ» ይሁን «ቡራ» መለየት ይቸግራል። ታዲያ ምን ይጠበስ? ጠርሙሱ ተስሎ የለ! የሀዋሳ ሰው ቢራ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልገውም።

እኔን በጣም የማረከኝ ግን አንድ የትምህርት ቤት ምልክት ነው። «ቀስ ብለህ ንዳ» ይላል። ፊደሎቹ ወደፊት ተንጋደው፣ ንፋስ እየቀዘፉ፣ ከኋላቸው የፍጥነት ጭረት ሁሉ ተሠርቶላቸው። ባጃጁ ሁሉ ይህን አይቶ መሪውን ጠበቅ፣ ነዳጁን ረገጥ ያደርጋል። ምክሩን ባይሰማም ስሜቱን ተካፍሏል።

የሙት ዓመት መታሰቢያ ባነርም አለ። ሟች በፎቶው ላይ ረጋ ብለው ተቀምጠዋል። ከሥራቸው ያለው «ነፍስ ይማር» ግን ወደ ቀኝ እየሮጠ ነው፤ ተዝካሩ እንዳያመልጠው መሰለኝ።

ቁም ጸሐፊዎቻችን ይህን ሳያዩ አለፉ። እነዚያ ምስኪኖች በመቃ ብዕር ቀጥ አድርገው ይጽፉና የእመቤታችን ወይም የቅዱሳን ስም ሲመጣ ቀይ ቀለም ያነሳሉ። ገጹን ገልጠህ ስታየው ያቺ ቀይ ቃል ዓይንህ ውስጥ ትገባለች። እስቲ አስቡት፤ አንድ ገጽ ሙሉ ቀይ ማድረግ ሲችሉ! ደንበኛ የሚባል ነገር አልገጠማቸውማ።

ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ እድገት የተረሳ ጽሑፍ አለ። አንድ አጥር ላይ በከሰል፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ፣ ሳይወፍር፣ በደንብ ተራርቆ የተጻፈ፦ «እዚህ መሽናት ክልክል ነው»። ከመንገዱ ማዶ ሆነህ፣ ከሚሮጥ ባጃጅ ውስጥም ሳይቀር ይነበባል። አጥሩ ሥር ቆመው የሚሸኑትም በግልጽ እያነበቡት ነው፤ ፊት ለፊታቸው ነውና። ይህ ትልቅ በደል ነው። የሚመለከተው ክፍል በቶሎ ወፈር፣ ዘንበል ያለ፣ ባለ ሦስት ሼዶ ባነር ያሠራለት። ያኔ እነሱም «አላየሁም» የማለት መብታቸው ይከበርላቸዋል።