«እኛም ጥቁር ነን» ላሉት ሰብሳቢ

ከአያት አለፍ ብሎ፣ ከተማዋ ልታልቅ ስትል ያለ አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ አለ። የነዋሪዎች ኮሚቴው ሰሞኑን ባሳለፈው ውሳኔ ቤቱን ለጋምቤላ ልጆች ወይም ለደቡብ ሱዳኖች ማከራየት የፈለገ ባለቤት አስቀድሞ ኮሚቴውን ማስፈቀድ አለበት። ማስታወቂያው ኮሙናሉ በር ላይ ተለጥፏል። በስብሰባው አንዲት ሴት «ይሄ ዘረኝነት አይሆንም ወይ?» ብላ ስትጠይቅ ሰብሳቢው የመለሱላትን እዚያው የሚኖር ወዳጄ በስልኩ ቀድቶ ልኮልኛል። «እኛም እኮ ጥቁር ነን! ዘረኝነት የፈረንጅ ነው። ሕዝቡ ገና ስላልለመዳቸው ነው እንጂ።»

እኔ የአኙዋ ልጅ ነኝ። ጋምቤላ ተወልጄ ባሮ ዳር አደግሁ፤ ከዩኒቨርሲቲ ወዲህ ግን ኑሮዬ የአዲስ አበባ ዳር ዳሩን ነው፤ ጎሮ፣ የካ አባዶ፣ አሁን ቱሉ ዲምቱ። ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ ሒሳቡን በእንግሊዝኛ ይነግረኛል። በአማርኛ ስመልስለት «እንዴ፣ አማርኛ ይችላል!» ብሎ ለሹፌሩ ያበስራል። አንዱ ተሳፋሪ ዩኤን ያስቀጥረኛል፣ ሌላው ቅርጫት ኳስ ያጫውተኛል። ይሄን ስቄ አልፋለሁ። የማያስቀው ደላላው ነው። በስልክ ድምፄን ሰምቶ «ቶሎ ና፣ ቤቱ ባዶ ነው» ያለኝ ሰው፣ መልኬን ሲያይ እዚያው ቆመን ቤቱ ይያዝበታል።

ዘረኝነት የፈረንጅ ነው አሉ? ባርነት በዚህች አገር በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ከምዕራቡ ቆላ ሰው እየታፈነ ይነዳና ይሸጥ ነበር። ፈንጋዩ ፈረንጅ ነበር? ገዢውስ? አዋጁ ሰውየውን ነፃ አወጣ፤ ስድቡን ግን ማንም አልሻረውም፣ ዛሬም ሰፈር ውስጥ ከሕፃን አፍ እሰማዋለሁ። ሕፃን ደግሞ ከሰማይ አያመጣውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ስለ ቆዳ ቀለም የተናገሩትን በየፌስቡኩ የሚለጥፍ ሰው፣ ሳሎን ቁጭ ብሎ ተከራይ በቀለም ሲመርጥ ትንሽ እንኳ አይከነክነውም?

ሚያዝያ 2012ን እናስታውስ። ኮሮና በገባ ሰሞን በቻይናዋ ጓንግዡ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤት እንዲወጡ ተደረጉ፣ ሆቴልም አናስገባም አላቸው፣ ሻንጣቸውን ታቅፈው አስፋልት ዳር አደሩ። እዚህ አገር ያልጮኸ ነበር? የያኔው የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ሙሳ ፋኪ ማሃማት የቻይናን አምባሳደር ጠርተው ቅሬታቸውን ነገሩ፤ እኛም እሰይ አልን። የቻይና መንግሥት ያኔ ምን አለ? አድልዎ የለም፣ ለሁሉም የወጣ የጤና ጥንቃቄ ነው አለ። ሰብሳቢያችን «አልለመዳቸውም» አሉ። ሰበቡ ተለወጠ እንጂ አስፋልት ዳር የሚያድረው ያው ጥቁር ሰው ነው። እንዲያውም የጓንግዡ አከራይ የማያውቀውን የሌላ አገር ሰው ነው ያባረረው። የኛ ኮሚቴ ፈቃድ የሚጠይቅብኝ መታወቂያችን አንድ ሆኖ፣ ለአንድ መንግሥት ግብር እየከፈልን ነው። በዚያው ዓመት ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላው በር ላይ ጥለዋቸው ሲሄዱ ያለቀስን ሰዎች፣ አያት ላይ ምን ነካን? ዕንባችን ለቀለማችን ነበር ወይስ ለዘመዶቻችን ብቻ? እኔ መልሱን ይዣለሁ፤ ሰብሳቢውም ይዘውታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

«አልለመደም» የሚለው ግን ከሁሉ ያናድዳል። በየት በኩል ይልመድ? እኔ ዋና የተማርኩት ባሮ ውስጥ ገብቼ ነው፤ ዋና እስክትችል ውሃ እንዳትነካ ያለኝ ሰው አልነበረም።

የካ አባዶ ሳለሁ ከአንድ የኑዌር ጓደኛዬ ጋር ለመከራየት የሄድንባቸው እማማ በሩን ገርበብ አድርገው፣ እሱን ትተው ደላላውን «ግንባሩን ምን ሆኖ ነው?» አሉት። ኑዌር ወንድ ለአቅመ አዳም ሲደርስ የሚወጣለት ስድስት መስመር ነው። እማማ ደግሞ ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ እስከ አገጫቸው ንቅሳት አለባቸው።

«የእርስዎስ፣ እማማ?» አላቸው ጓደኛዬ።

«የኔማ እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ።»

«የኔም አባቴ ነው።»

ሳቁ። ቁልፉን ሰጡን፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ተቀብለው። ለረጅም ጊዜ የውሃ በርሜላቸውን ይቆልፉብን ነበር፣ የልጅ ልጃቸውንም ወደ እኛ አያስጠጉም። ከዚያ ባለቤታቸው አረፉ። ድንኳን የተከልነው፣ ከዕድሩ ቤት አግዳሚ ያመላለስነው፣ ሌሊቱን ካርታ እየተጫወትን ለቀስተኛ ያስመሸነው እኛ ነን። ሠልስቱ እንዳለቀ የዕድሩ ዳኛ ራሳቸው መጥተው መዝገቡ ላይ ጻፉን። ዛሬ እማማ ለደላላው «ከጋምቤላ ልጅ ሌላ እንዳታመጣብኝ» ይሉታል አሉ። ይሄም ዞሮ ዞሮ ሰውን በትውልዱ መምረጥ ነው፤ ግን እሳቸውን ለመውቀስ አንጀት የለኝም። ያንን በርሜል ያስከፈተው የግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና አይደለም፤ አንድ ደረጃ መውጣትና መውረዳችን ነው። ኮሚቴው የከለከለው ይህንኑ ነው።

ሙዚቃ ያስጮኻሉ፣ ለሁለት ተከራይተው ስድስት ሆነው ያድራሉ የሚል አቤቱታም ሰምቻለሁ። የሚያስጮኽ አለ። እሱን በር አንኳኩቶ መንገር፣ ካልሰማ በውሉ መሠረት ማስወጣት ነው። በምረቃ ሰሞን በየብሎኩ ድንኳን ተጥሎ እስከ ንጋት ስንደነቁር ግን ኮሚቴው የአስመራቂዎቹን ብሔር ጠይቆ ያውቃል?

ሕጉም ያለ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 በዘርና በቀለም ማዳላትን ይከለክላል፣ በአንቀጽ 32 በመረጥኩበት እንድኖር ይፈቅዳል። የቤት ኪራዩ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል እንጂ ጎረቤት መልክ አይቶ ያጽድቀው አይልም። ማስታወቂያው ላይ ማኅተም እንጂ የማንም ስም የለም። ሰብሳቢው በውሳኔያቸው የሚኮሩ ከሆነ ስማቸውን ከነአባታቸው ጽፈው ይፈርሙበት። ክስ ስንመሠርት ተከሳሽ ብለን የምናስገባው ስም ያስፈልገናል።