ድቡልቡሉን ፊደል ማን ፈረደበት?

ሰሞኑን አንድ ስሙን የማልጠራው ተቋም ወፍራሙንና ድቡልቡሉን የዓርማ ፊደሉን ጥሎ ቀጭንና ቀጥ ያለ ፎንት ያዘ። ይያዝ፤ ገንዘቡ የራሱ ነው። የከነከነኝ በማስታወሻው የሰጠው ምክንያት ነው፦ ክብ ፊደል የልጆች ጨዋታ ስለሚመስል አመኔታ ያሳጣል ተባለ።

አመኔታ? የእንግሊዙ አየር መንገድ ኢዚጄት በአውሮፕላኖቹ ላይ ስሙን የጻፈው በኩፐር ብላክ ነው፤ ድፎ ዳቦ በሚያህለው በዚያ ፊደል። ሰው ነፍሱን አደራ ብሎ ይሳፈራል፤ የፊደሉን ሆድ አይቶ ከደረጃው የተመለሰ መንገደኛ አልሰማሁም። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2012 ሂግስ ቦዞን የተባለችው ቅንጣት ግኝት በአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል በሰርን ሲበሰርም የፊዚክስ ሊቋ ፋቢዮላ ጃኖቲ ስላይዳቸውን ያቀረቡት የልጅ እጅ ጽሑፍ በሚመስለው ክብ ፎንት፣ በኮሚክ ሳንስ ነበር። ኢንተርኔት ሙሉ ሰው ሳቀ። ቅንጣቷ ግን ከነክብደቷ አለች፤ ሴትዮዋም በ2016 የሰርን ዋና ዳይሬክተር ሆኑ።

ክብነትን ከልጅነት ጋር የሚያምታቱ ሰዎች ፊደል እንዴት እንደሚሠራ ጠይቀው አያውቁም። ኦስዋልድ ኩፐር ኩፐር ብላክን በ1922 ለገበያ ሲያበቃ የታሰበው ለማስታወቂያ ነው፤ ከሩቅ እንዲታይ፣ ሻካራ ወረቀት ላይም እንዲታተም። ቀለም ወረቀት ላይ ሲያርፍ ይሰፋል፤ መጀመሪያ የሚበላሸውም ሹሉ ጠርዝ ነው። ክቡ ግን የሚበላሽ ጠርዝ የለውም! ደግሞ ክብ ፊደል ከመስመሩ ትንሽ ካልወረደ ለዓይን ከጎረቤቱ ያነሰ ይመስላል፤ እግሩ ሁሉ ክብ በሆነ ፎንት ውስጥ ይህን ሚዛን መጠበቅ የጨዋታ ሥራ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮችን የእንጨት ምልክቶችም ተመልከቱ። የፊደሎቹ ጫፍ የዞረው ሠሪው ልጆችን ሊያስቅ ፈልጎ ሳይሆን የሚሽከረከረው መቅረጫ እንጨቱን ሲቦረቡር የሚተወው ቅርጽ ያ ስለሆነ ነው። ቫግ ራውንድድ የተባለው ጫፈ ክብ ፎንት በ1970ዎቹ መጨረሻ የተሠራው ለመኪና አምራቹ ለቮልስዋገን ነው፤ ኋላም አፕል ለዓመታት በኪቦርዶቹ ቁልፎች ላይ አተመው። ክብ ፊደልን የሚያወግዘው ያ ማስታወሻ ራሱ እንዲህ ባለ ኪቦርድ ተጽፎ እንደሆነስ ማን ያውቃል?

አዎ፣ የውል አንቀጽ በኩፐር ብላክ አይጻፍም፤ ሲያንስ የፊደሉ ውስጥ ቀዳዳ ይደፈናል። ግን ማን ጻፉበት አለ? የርዕስ፣ የፖስተር፣ የማሸጊያና የዓርማ ፊደል ነው። አንዱን ፊደል ባልተፈጠረበት ቦታ አስቀምጦ መክሰስ ጫማን በእጅ አጥልቆ ጠበበኝ ማለት ነው።

ቀጭኑና ቀጥ ያለው ደግሞ ከባድ ሰው አያስመስልም፤ ከሌላው ጋር ያመሳስላል እንጂ። የእንግሊዙ የፋሽን ኩባንያ በርበሪ በ2018 የቆየ የዓርማ ፊደሉን አውጥቶ ጥሎ ሁሉም የያዘውን ጌጥ አልባ ፊደል ያዘ፤ በ2023 ደግሞ ወደ ጌጠኛው ተመለሰ። የእኛም ተቋም አምስት ዓመት መጠበቅ ካማረው ይጠብቅ፤ የሁለተኛው ቅየራ ሒሳብ ሲመጣ ግን ክብ ፊደል ላይ እንዳያሳብብ።