ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

ክረምት ላይ ነው፣ ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት። ስልኬን ከአንዲት ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኘሁና አምቢየንት የሚሉትን ሙዚቃ ከፈትኩ። ረጅም፣ የሚጎተት፣ የት እንደጀመረ የማይታወቅ ድምፅ ነው። ምት የለው፣ ግጥም የለው። አክስቴ የበግ ጸጉር እየፈተለች ትንሽ ታገሰችኝ። ከዚያ እንዝርቷን አቆመችና "አንት ልጅ፣ ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?" አለችኝ።

"አይገባም እትዬ፣ ይኸው ነው" አልኳት።

"ታዲያ ምን ልንሆን ነው የምንጠብቀው?"

እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አላጋጠመኝም። ዘፋኝ የማይገባበት ሙዚቃ እዚህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ተማሪው ሲያጠና ይከፍተዋል። ቢሮ የሚውለው ጆሮው ላይ ሰክቶት ይውላል። የጥርስ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ገና አፍህን ሳትከፍት እሱ ይጀምርሃል።

ነገሩን በስም ጠርቶ ያስለመደው እንግሊዛዊው ብራያን ኢኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 መኪና ገጭቶት አልጋ ላይ ዋለ። አንዲት ወዳጁ ልትጠይቀው ስትመጣ የድሮ የሀርፕ ሙዚቃ ያለበት ሸክላ ይዛለት መጣች። እሷ ከሄደች በኋላ እንደምንም ተነስቶ ሸክላውን አስቀመጠና ተመልሶ ተጋደመ። ለካ ድምፁ በጣም ዝቅ ብሏል። ከስፒከሮቹም አንደኛው አይሠራም። ደግሞ ለመነሳት አቅም አጣ። ውጭ ዝናብ ይዘንባል። ሀርፑ በዝናቡ መሐል አንዳንዴ ብቻ ብቅ እያለ ይሰማው ጀመር። ለካ እንዲህም መስማት ይቻላል አለ። በኋላ ኮሎኝ ኤርፖርት ቁጭ ብሎ አውሮፕላን ሲጠብቅ የሚሰማው ሙዚቃ አስጠላው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ "ሙዚቃ ለኤርፖርቶች" ብሎ አልበም አወጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ልብ ብለህ ብትሰማውም ችላ ብትለውም የማይቀየምህ ሙዚቃ። ፈረንሳዊው ኤሪክ ሳቲም በ1917 ገደማ እንደ ወንበርና ጠረጴዛ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሙዚቃ አስቦ ነበር። ሰው ግን የያዘው የኢኖን ነው።

እኔ የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ የሌሊት ፈረቃ። አንዲት ባልቴት አሉ፣ ራስጌያቸው ላይ ድምፅ የምታወጣ ትንሽ መሣሪያ አለቻቸው። አንዱን ቁልፍ ስትጫነው ዝናብ፣ አንዱን ባሕር፣ አንዱን የባቡር ጉዞ ታሰማለች። የሳቸው ምርጫ ዝናብ ነው። ባትሪው ካለቀ ደወል ደውለው ይጠሩኛል። "ዝናቤ ቆመ" ይሉኛል። አንድ ሌሊት ባትሪ ልቀይር ስገባ ውጭ የእውነቱ ዝናብ ያወርደዋል። መስኮቱ ግን ድርብ መስታወት ነው፣ ጠብታም አያሰማ። ዝናብ እንዳይሰማ መስኮት ገዝተዋል፤ ዝናብ እንዲሰማ ደግሞ መሣሪያ።

ላሾፍባቸው አልችልም። ጠዋት ከሥራ ስወጣ እኔም አውቶቡስ ላይ ያንኑ ነው የማደርገው። ጆሮዬ ላይ እሰካና ዓይኔን እጨፍናለሁ።

የእኛ ዘፈን እጅህን ይዞ ነው የሚወስድህ። ትዝታ ከሆነ ማን እንደናፈቀህ ሳይቀር ይነግርሃል። ግጥሙ ሰምና ወርቅ ካለው ደግሞ ጆሮህ ወርቁን ሲቆፍር ሌላ ቦታ መሄድ አይችልም። ይህ ድምፅ ግን የሚነግርህ ነገር የለውም። ይለቅሃል። መጀመሪያ ሐሳብህ ከቤት ኪራይና ከጉልበት ሕመም ጋር ይንገላታል። ትንሽ ቆይቶ መንገድ ያገኛል።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ፊሊፒናዊ ይህን ሲሰማ ባሕር ይታየኛል ይላል። ለእኔ ባሕር መጥቶልኝ አያውቅም። የሚመጣልኝ ጉም ነው፣ የጣርማ በር ጉም። አውቶቡሱ በቀን መብራት አብርቶ እየተንፏቀቀ ነው። ረዳቱ የፊቱን መስታወት በጨርቅ ይወለውላል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ አፍናለች። ከዚያ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ፤ ጨለማ፣ የሞተሩ ጩኸት ከግድግዳው እየተመለሰ። ወጥተን ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ጉሙ ከኋላ ይቀራል፣ አየሩም ሞቅ ይላል። አውቶቡሱ ሳይቆም በመስኮት ቆሎ ይዘረጋልናል። ከጆሮ ማዳመጫ ሽታ አይወጣም። የተቆላ ገብስ ግን ይሸተኛል፣ እምላችኋለሁ።

አንዳንዴ ደግሞ ወደ መንዝ ይገነጠላል። ጓሳ ላይ ሣሩ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ፣ መሐሉ ላይ ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ብቻውን ቆሞ። ጭላዳዎቹ መንጋ ሆነው ይግጣሉ። ጭላዳ ዝም ብሎ አይግጥም፤ በእጁ ሣር እየነጨ ያወራል። ሁሉም ያወራሉ፣ የሚሰማ መኖሩን እንጃ።

ስለዚህ ሰዎች ይህን ሙዚቃ መስማት "ምናባዊ ጉዞ" ነው ሲሉኝ ትንሽ እስቃለሁ። ሙዚቃው ያላየሁትን አገር አሳይቶኝ አያውቅም። ያለኝን ነው የሚያገላብጥልኝ። ፊሊፒናዊው በባሕር ያደገ ነው፣ እኔ በጉም።

አክስቴም ቢሆን እንዲህ ዓይነቱ መስማት እንግዳዋ አይደለም። ሁዳዴ ሲገባ ሬዲዮኑ በገና ያሰማል። አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት የተሠሩ ናቸው። አውታሩ ከሚያርፍበት እንጨት ጋር በሚገናኝበት ላይ ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ እንደ ንብ የሚያስጮኸው እሷ ነች። ያ ጩኸት አንዴ ከተነሳ ቤቱ ውስጥ የሚንቀሳቀስ የለም። ቡና የምትቀዳዋም ረከቦቱ ላይ እጇን አሳርፋ ትቆያለች። ከዚያ አንዱ ከወደ ጥግ "እህህ" ይላል። ሁሉም የሄደበት ሄዶ የተመለሰ ይመስላል።

በማግስቱ ያንኑ ሙዚቃ ደግሜ ከፈትኩላት። አሁን ትንሽ አሰብ አደረገች። "ይሄማ በገና'ኮ ነው" አለች። "ጸሎቱን የት ጣሉት?"

ከዚህ የተሻለ ሂስ አላነበብኩም። በገና መድረሻ አለው። የዓለምን ከንቱነት፣ ሞትን፣ ፍርድን አስቦ ሰውን ወደ ንስሐ ነው የሚመራው። በጩኸቱ ያንሳፍፍሃል፣ በግጥሙ ያሳርፍሃል። የፈረንጁ ማንሳፈፉን ወስዶ ማሳረፉን ትቶታል። ለእኔ ቢጤው ሌሊት አድሮ ለሚወጣ ሰው ይህም አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ሞትን አስብ ባይሉኝ ደስ ይለኛል። ግን የጎደለውን አክስቴ በሁለት ቀን አገኘችው። እኔ ስንት ዓመት ስሰማው አልታየኝም።

ሌላው ልዩነት አብሮ መሆኑ ነው። አክስቴ ቤት አንድ ሬዲዮ ለሁሉም ነው። አውቶቡሴ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ሰክቷል፤ ጎረቤትህ የት አገር እንደደረሰ አታውቅም። እንቅልፍ ወስዶኝ መውረጃዬ ቢያልፍም የሚቀሰቅሰኝ የለም። ይሄ ያሳዝነኛል ልል እፈልግና ደግሞ የአክስቴ ቤት ትዝ ይለኛል። እዚያ ከሁዳዴ በገና ውጭ ዓይንህን ጨፍነህ ቁጭ በልማ። "ምነው? አሞሃል?" "ክፉ ወሬ ሰማህ እንዴ?" "ቡና ይፈላለት፣ ራሱን አሞታል።" እንዲያውም አንድ ቀን ጠበል አምጥተው ረጭተውኛል። ዝምታ በደቦ ከሆነ ይፈቀዳል። ብቻህን ከሆነ ሕመም ነው። እዚህ ደግሞ ተገልብጦ ነው ያለው።

እኛ ውጭ የምንኖረው አገር ቤትን ድምፅ የሌለው ሥዕል አድርገን ነው የምናስቀምጠው። ተራራ፣ እረኛ፣ ዋሽንት፣ በቃ። የዛሬው ደብረ ብርሃን ግን ፋብሪካ የበዛበት፣ ከባድ መኪና የሚያቋርጠው ከተማ ነው። ባጃጁ ጥሩምባውን አይለቅም። ልባሽ ጨርቅ የሚሸጠው በድምፅ ማጉያ "መቶ ብር! መቶ ብር!" ብሎ ቀድቶ ጋሪው ላይ አስሮታል። እሱ ሻይ ሲጠጣ ማጉያው ብቻውን ይጮሃል።

የእህቴን ልጅ ያየሁት በዚህ መሐል ነው። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያጠናል። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ፤ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ በረዶ የተቀላቀለበት፣ ቆርቆሮውን የሚነርተው። ልጁ ጆሮው ላይ ሰክቷል። ምን እየሰማህ ነው ብዬ አንዱን ጆሮ ተዋስኩት። ዝናብ! ከዩቲዩብ የወረደ፣ ለጥናት የሚሆን የዝናብ ድምፅ።

"ይሄው ከላይህ እየዘነበ አይደል እንዴ?" አልኩት።

"የቆርቆሮው ይረብሻል ጋሼ። ይሄ ይሻላል።"

መጦሪያው ውስጥ ያሉት ባልቴትና እሱ ቢገናኙ ሳይተዋወቁ ይግባባሉ።

ይልቅ ይህን ስማ ብዬ የኃይሉ መርጊያን ከፈትኩለት። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1946 እዚያው ደብረ ብርሃን የተወለደ ነው። በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ፣ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሆነ፣ ከባንዱ ጋር አሜሪካ መጥቶ እዚያው ዋሽንግተን ቀረ። በ1985 አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና ምት የሚመታ ማሽን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ረጅም ዘመን ታክሲ ነዳ፣ ደለስ ኤርፖርት። ተራ ሲጠብቅ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ በባትሪ ይለማመድ ነበር። በ2013 ያ ካሴት ዳግም ታትሞ ወጣና ዓለም ሰማው፤ ሰውየው ወደ መድረክ ተመለሰ። የእሱ አምቢየንት አይደለም፣ የእኛው ዜማ ነው። ግን ኢኖ ኤርፖርት ተቀምጦ ለኤርፖርት የሚሆን ሙዚቃ ተመኘ፤ ከዓመታት በኋላ የደብረ ብርሃኑ ልጅ ኤርፖርት በር ላይ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጫወት ነበር። ያን የሰማው ምናልባት ከኋላው ተራ የያዘው ባለታክሲ ነው።

ልጁ ዝናቡን አጥፍቶ እስከ መጨረሻው ሰማው። "የዚህ ከተማ ልጅ ነው?" ብሎ ሁለቴ ጠየቀኝ። ከዚያ ሳቅ አለ።

"እኛ ኤርፖርት የለን ጋሼ። ያለን መናኸሪያ ነው። ለመናኸሪያ ማን ይሥራልን?"

መናኸሪያውን በዓይኔ አመጣሁት። "ሸዋ ሮቢት የሞላ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!" የሚለው ረዳት፣ ገና ግማሹ ያልሞላው መኪና፣ ጣሪያ ላይ ታስሮ የሚጮኸው በግ።

"እዚያማ ኢኖ ራሱ ቢመጣ" አልኩት፣ "ሙዚቃውን ትቶ ረዳት ሆኖ ነው የሚወጣው።"