ፓስፖርቱን ትተን የዕጩውን ኪስ እንይ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ የምርጫ ውይይት ላይ የተጋበዙ አስተያየት ሰጪ፣ ለምክር ቤት ከሚወዳደሩት መካከል ረጅም ዘመን በውጭ አገር የኖሩትን ሕዝቡ እንዳይመርጥ መከሩ። ምክንያታቸው አጭር ነበር። የባዕድ እንጀራ የበላ ሰው ልቡ እዚያው ነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚሮጥበት አለው፣ ስለዚህም የጥቅም ግጭት አለበት አሉ። አዘጋጁም አንድ ጥያቄ እንኳ ሳያነሳ ወደሚቀጥለው ርዕስ አለፈ። እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም።

«የሚሮጥበት አለው» ከሚለው ልጀምር፤ ከሁሉም ደካማው እርሱ ነውና። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም እስከ መጨረሻው ሰውና እስከ መጨረሻው ጥይት እንዋጋለን እያሉ የሰውን ልጅ ወደ ግንባር ሲሸኙ ኖረው፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. አውሮፕላን ተሳፍረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ የኖሩት ሐራሬ ነው። ለወታደራዊ ሥልጠና አሜሪካ ደርሰው ከመመለሳቸው በቀር ዕድሜያቸውን ያሳለፉት እዚሁ ነበር፤ ለመሄድም የስደት ታሪክ አላስፈለጋቸውም። መሸሽ የፈለገ መሪ መሸሻ አያጣም። ሥልጣን በእጁ የገባ ሰው በአንድ ስልክ የሚያገኘውን ማረፊያ፣ በሲያትል ታክሲ እየነዳ ልጅ ያሳደገ ስደተኛ በሃያ ዓመት አያገኘውም። አገር ውስጥ ተወልዶ አገር ውስጥ ያረጀውን ባለሥልጣን ልጆቹን የት እንደሚያስተምር፣ ገንዘቡን በየትኛው አገር ባንክ እንደሚያስቀምጥ የጠየቀው ማነው?

የዜግነቱን ጉዳይ ሕጉ ጨርሶታል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል፤ መመለስ ከፈለገ ደግሞ አገሩ ገብቶ መኖር፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት መተውና ማመልከት አለበት። ቢጫ ካርድ የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊም ቤት መሥራትና መነገድ ይችላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም አይቀጠርም። ይህን አልቃወምም። ሁለት መሐላ ይዞ ወንበር ላይ መቀመጥ አይገባም፤ ፓስፖርቱን ይመልስና ይወዳደር። ከመለሰ በኋላ ግን ምን ቀረን? ሰውየው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ከእኔና ከአስተያየት ሰጪው ያነሰ ኢትዮጵያዊ የሚያደርገው አንቀጽ የለም።

በ2012 ዓ.ም. ምርጫ ቦርድ ስለ አቶ ጃዋር መሐመድ ዜግነት ፓርቲያቸውን የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስን (ኦፌኮን) በደብዳቤ ሲጠይቅ አገሩ በሙሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አዋቂ ሆኖ ነበር። ፓስፖርቱ ለኤምባሲ መቼ ተመለሰ፣ ማን ተረከበው፣ ማረጋገጫው የት አለ እየተባለ ወር አለፈ። ቦርዱ ሕጉን ጠየቀ፤ ሥራው ነው። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ከገዢውም ከተቃዋሚውም ፓርቲ አንድም ዕጩ የት ምን ድርሻ እንዳለው፣ ለማን ዕዳ እንዳለበት፣ ባለቤቱ በማን ተቀጥራ እንደምትሠራ ይናገር ብሎ የሞገተ ድምፅ አልሰማሁም።

ታማኝነት በኖሩበት አገር የሚለካ ከሆነ ታሪካችን ራሱ የአስተያየት ሰጪውን መለኪያ ይሰብረዋል። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን እናስታውስ። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ እንግሊዞች ከአምባው ያገኙት ሕፃን ናቸው። ወደ ሕንድ ተወሰዱ፤ የእንግሊዝ መኮንኖች አሳደጓቸው፤ ስማቸው ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በላሆር ሕክምና ተምረው በበርማ የእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆኑ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛው ጠፍቷቸው ነበር፤ እንደ አዲስ ተማሩት። በዛሬው መለኪያ ከእርሳቸው የባሰ ተጠርጣሪ ከየት ይመጣል? ስማቸው የባዕድ፣ ትምህርታቸው የባዕድ፣ ደመወዛቸውም የባዕድ ነበር። እኚህ ሰው ናቸው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን መጀመሪያ የመሩት። ጨርጨርን አስተዳድረው ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ያደረጉትም እርሳቸው ናቸው። ጣሊያን ሲወርረንም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው፣ ባሳደጋቸው አገር ዋና ከተማ ላይ የእንግሊዝን መንግሥት የሞገቱት፣ ለአገራቸው ገንዘብና መሣሪያ የለመኑት እርሳቸው ናቸው። እንግሊዝ አገር የተማሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ደግሞ ወደ አገራቸው ተመልሰው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ዘመቱ፤ ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላም ፋሺስቶች ረሸኗቸው። አባት ልጆቹን ሲያጣ እርሱ ለንደን ነበር። ለመሆኑ የእኚህ ሰው ልብ የት ነበር?

በዚያው ጦርነት መጀመሪያ፣ በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ምን አደረገ? የአፄ ዮሐንስ የልጅ ልጅ ልጅ፣ የንጉሠ ነገሥቱ አማች፣ የምሥራቅ ትግራይ ገዢ ነው። አስተያየት ሰጪው የሚፈልጉት መሥፈርት ሁሉ ተሟልቶለታል፤ እዚሁ ተወልዶ እዚሁ አድጓል፣ የትውልድ ሐረጉ ዙፋን ይነካል፣ ሚስት ያገኘው ከቤተ መንግሥት ነው። ጦርነቱ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጭፍሮቹን ይዞ ለጣሊያን ገባ፤ ጣሊያኖችም ሾሙት። የውጭ ፓስፖርት አልነበረውም። የነበረው ቅሬታና የሥልጣን ጥም ነው። ጠላት ይህን አስቀድሞ ያውቅ ነበር፤ በገንዘብና በተስፋ ሲያባብለው ቆይቷል። እኛስ ያን ጊዜ ብንጠየቅ ማንን እንጠረጥር ነበር? ያለ ጥርጥር ቻርልስ ማርቲን የሚባለውን። ሁለት ሰው ማስረጃ አይሆንም የሚለኝ ይኖር ይሆናል፤ ለእኔ ግን እነዚህ ሁለቱ ይበቁኛል። አገር የሚሸጠው በሰው ፍላጎት በኩል ነው፤ ያን ፍላጎት ደግሞ የሚያየው ጥቅሙን የመረመረ እንጂ መኖሪያውን የቆጠረ አይደለም።

የሌላው ወገን ስሕተትም ከዚህ አይሻልም። አስተያየት ሰጪውን ተቃውመው የጻፉ አንዳንዶች፣ አሜሪካ ሃያ ዓመት የኖረ ሰው ዴሞክራሲን በተግባር አይቷል፣ ሠልጥኗል፣ ስለዚህ ይመረጥ አሉ። አሜሪካ መኖር ብቻውን ምን ያስተምራል? ዶክተር ብርሃኑ ነጋ በፔንሲልቬንያ ቡክኔል ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አስተማሩ፤ ይህ ሥራ ነው፣ ይመዘናል። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ሃርቫርድ ተማሩ፤ ይህም ይመዘናል። የኖሩበት ከተማ ስም ግን ችሎታ አይሆንም። ደግሞ «የውጭ ልምድ» ሲባል ለምን ሁልጊዜ ዋሽንግተንና ለንደን ብቻ ትዝ ይሉናል? በሰኔ 2012 ዓ.ም. ቤይሩት ላይ አሠሪዎቻቸው በመኪና እያመጡ ኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸውን ሴቶች አይተናል። ሻንጣቸውን ተደግፈው፣ ደመወዛቸው ሳይከፈል፣ ፓስፖርታቸው በሌላ ሰው እጅ ሆኖ አስፋልት ዳር ያድሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ ተመልሳ ለምክር ቤት ብትወዳደር ሠራተኛን ከአሠሪው ጋር ስለሚያስረው የከፋላ ሥርዓት፣ ስለ ሥራ ውል፣ የቆንስላ በር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ከማንኛውም ዲፕሎማት በላይ ታውቃለች። የእርሷን ዓመታት ግን «የውጭ ልምድ» ብሎ የሚቆጥርላት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ቁስል ልግባ። የምርጫ ሰሞን በየግድግዳው የሚለጠፈውን የዕጩ ወረቀት ልብ በሉ። ከላይ ክራባት ያሰረ ፎቶግራፍ፣ ጎኑ ላይ የፓርቲው ምልክት፣ ከሥር የትውልድ ቦታ፣ ዲግሪ፣ «በተለያዩ የኃላፊነት ቦታዎች ያገለገለ»። የሚነግድ ከሆነ ከማን ጋር እንደሚነግድ፣ ከመንግሥት ጨረታ አሸንፎ ያውቅ እንደሆነ፣ በወንድሙ ወይም በአማቹ ስም ድርጅት ይኑር አይኑር የሚናገር አንድ መስመር የለበትም። ያ ሰው ነገ ስለ መሬት ኪራይ፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ ባንክ እጁን አውጥቶ ድምፅ ይሰጣል።

ሕግ የለም እንዳይባል በ2002 ዓ.ም. የወጣ የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 አለን። ይህ አዋጅ የሚይዘው ተሿሚን፣ ተመራጭንና የመንግሥት ሠራተኛን ነው። ተመራጭ የሚሆነው ደግሞ ከተመረጠ በኋላ ነው! መራጩ ድምፁን ከሰጠና ሳጥኑ ከታሸገ በኋላ ሰውየው ሀብቱን ለሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ያስመዘግባል። የተመዘገበውን ማየት የፈለገ ዜጋ በጽሑፍ ይጠይቅ ይባላል፤ የቤተሰቡ መረጃ ግን ምሥጢር ነው። በዚህች አገር ሀብት በማን ስም እንደሚቀመጥ የማያውቅ ማነው? መረጃው በጣም በሚያስፈልገን ቦታ ላይ ነው በሩ የተዘጋው።

የምርጫ ሕጋችን አንድ ፓርቲ ከውጭ ዜጋና ከውጭ ድርጅት ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። ጥሩ። ዕጩው በግሉ ከውጭ ኩባንያ ድርሻ ቢኖረውስ? ባለቤቱ የውጭ ድርጅት አማካሪ ሆና ብትከፈልስ? ይህን መራጩ የሚያውቅበት መንገድ የለም። ጎረቤታችን ሶማሊያን እንይ። ፕሬዚዳንት ፋርማጆ የአሜሪካ ዜግነታቸውን እ.ኤ.አ. በ2019 ሲተዉ ዓለም ሁሉ ተቀባበለው። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ሐሰን አሊ ኻይሬ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሥልጣን የመጡት ሶማ ኦይል ኤንድ ጋዝ ከተባለ የብሪታኒያ ኩባንያ የሥራ አስፈጻሚነት ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ከሶማሊያ መንግሥት ጋር የነዳጅ ፍለጋ ውል የነበረው ነው። ከኩባንያው ለቀው ነው የተሾሙት፤ ቢሆንም ለአንድ ድሃ አገር ዕጣ ፈንታ ከፕሬዚዳንቱ ፓስፖርትና ከነዳጁ ውል የትኛው ይበልጥ ያስጨንቃል?

ብሪታኒያም ያው ነው። ሪሺ ሱናክ ሳውዝሃምፕተን የተወለዱ ናቸው። የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ከአንድ ዓመት በላይ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ይዘው ቆዩ። ባለቤታቸው በውጭ ከሚያገኙት ገቢ ላይ የብሪታኒያ ግብር እንዳይከፍሉ የሚያስችል መብት እንደሚጠቀሙ እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ አገሩ ተናወጠ፤ ባለቤታቸውም እከፍላለሁ ለማለት ተገደዱ። ከሌላ ሰው ኪስ ግብር የሚሰበስበው ሚኒስትር ቤት ውስጥ የነበረውን የገለጠው የልደት ሰርተፊኬት አልነበረም።

የሚቀርበውን መቃወሚያ አውቀዋለሁ። ሀብት ይፋ ቢሆን ዕጩው ለሌባና ለአጋች ይጋለጣል ይባላል። ከእነዚህ ተከራካሪዎች ብዙዎቹ ቤታቸው በጥበቃ የታጠረ፣ መኪናቸው መስታወቱ የጠቆረ ነው፤ ሌባው ሀብታቸውን ለማወቅ የኮሚሽኑን መዝገብ አይጠብቅም። የማያውቀው መራጩ ብቻ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ ለፕሬዚዳንትነትና ለኮንግረስ የሚወዳደር ሰው ገና ዕጩ ሳለ የገንዘብ ጥቅሙን ይፋ ያደርጋል። ዩክሬን እ.ኤ.አ. በ2016 የባለሥልጣናቷን ሀብት ማንም በሚያየው ድረ ገጽ ላይ አወጣች፤ ሕዝቡ በጥሬ ገንዘቡ ብዛት ተቆጣ፣ መንግሥት ግን አልፈረሰም። የቤቱን ቁጥርና የልጆቹን ትምህርት ቤት መደበቅ ይቻላል፤ የድርጅቱን ስም፣ የድርሻውን መጠን፣ የዕዳውን ባለቤት ግን ለመደበቅ አንድም የደኅንነት ምክንያት የለም።

ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅም አያስፈልግም። ፓርቲ ዕጩውን ሲያቀርብ ያንኑ ለተመራጮች የተዘጋጀውን ቅጽ አስሞልቶ በራሱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጥፈው፤ የትዳር ጓደኛውንም ያካትት፤ በውጭ አገር ያለውን ቤትና ሒሳብም ያካትት። ከውጭ የመጣውም ከአገር ያልወጣውም በአንድ ቅጽ ይመዘን። የሬዲዮና የቴሌቪዥን አዘጋጆች ደግሞ የክርክር መድረክ ላይ ዕጩውን «ስንት ዓመት ውጭ ኖሩ?» ብለው ሲጀምሩ እየሰማሁ ነው። ሁለተኛው ጥያቄያቸው «ባለፉት አምስት ዓመታት ማን ከፈልዎት?» ይሁን፤ መልስ የማይሰጠውንም ስሙን ጠርተው መልስ አልሰጠም ብለው በዚያው ምሽት ይንገሩን።